ቦይለርና ጠባቂው

ድስት ተጥዶ ውሃው ሲንተከተክ ክዳኑ ብድግ ቁጭ ይላል። ክዳኑን የሚያነሣው ማን ነው? እንፋሎት ነው። ውሃ በሙቀት ኃይል ወደ አየር መሰል ነገር ሲለወጥ እንፋሎት ይባላል። እንፋሎት ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ በሙሉ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ ከ1600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። 20 ሊትር የሚይዝ አንድ እንስራ ውሃ እንዳለ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ አንዲት ትንሽ ጎጆ ከወለል እስከ ጣሪያ ትሞላለች። በድስቱ ውስጥ ቦታ ያጣው እንፋሎት ክዳኑን እየገፋ የሚወጣው ለዚህ ነው።

እስቲ አሁን ክዳኑ በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ቢታሰርስ? እሳቱም ባይጠፋስ? እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀማል፤ ግድግዳውን ይገፋል። ፋብሪካዎች ይህንን ሆን ብለው ያደርጉታል። ከወፍራም ብረት በተሠራና ዙሪያው በተዘጋ ትልቅ ጋን ውስጥ ውሃ ያፈላሉ። የተጠራቀመውን እንፋሎት በቧንቧ እየመሩ ወደሚፈልጉበት ሥራ ይወስዱታል። ያ የብረት ጋን ቦይለር ይባላል።

ቦይለር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቦይለር ነበረው። ሸንኮራ አገዳው ተጨምቆ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ ባጋስ ይባላል። ባጋሱ አይጣልም፤ የቦይለሩ ማገዶ ይሆናል። ከቦይለሩ የሚወጣው እንፋሎት መጀመሪያ ተርባይን የሚባለውን መዘውር እያሽከረከረ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል። ከዚያ ኃይሉ በረድ ሲል ደግሞ ጭማቂውን እያፈላ ወደ ስኳርነት ያደርሰዋል። ያ የመጀመሪያው ፋብሪካ ዛሬ ተዘግቶ በአዲስ ተተክቷል፤ የሥራው መንገድ ግን ያው ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቁን ቀለም ሲነክር፣ ቢራ ፋብሪካ ብቅሉን ሲያፈላ፣ ሆስፒታል የሕሙማንን አንሶላ ሲያጥብ ከበስተኋላ ቦይለር አለ። ከእናንተም መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ ፋብሪካ የገባለት ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ይህ ጋን እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ምጣድ በሚያህል ብረት ላይ 200 ኩንታል

የእንፋሎት ግፊት የሚለካው ባር በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ባር ማለት በትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ፣ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት እንደማስቀመጥ ነው። ይህ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ የፋብሪካ ቦይለሮች በ7፣ በ8 ወይም በ10 ባር ግፊት ይሠራሉ፤ ትላልቆቹ ከዚህም በላይ ይሄዳሉ። እኛ 7 ባሩን እንውሰድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጀራ ምጣድ በሚያህል ብረት ላይ 7 ባር ግፊት ሲያርፍ ወደ 200 ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ነው። 200 ኩንታል ጤፍ በአንድ ምጣድ ላይ እንደ መከመር ማለት ነው። ቦይለሩ ደግሞ አንድ ምጣድ አያህልም። ግድግዳው በሙሉ፣ ግራውም ቀኙም፣ ላዩም ታቹም፣ ይህንኑ ያህል ይገፋል።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዲያውም ከግፊቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውን የሚጫነው ኃይል ያንሳል፤ በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደገኞች ባቄላና አተር ቶሎ አልበስል እያላቸው ማገዶ የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው። በቦይለር ውስጥ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ግፊቱ ውሃውን ስለሚጫነው ውሃው በቶሎ አይፈላም። በ7 ባር ግፊት የሚፈላው 170 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እንግዲህ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ውሃ ይምሰል እንጂ ከጀበና ውሃ እጅግ የበለጠ ሙቀት አምቆ የያዘ ነው።

ጋኑ ድንገት ቢሰነጠቅ ምን ይሆናል? የተጫነው ግፊት በቅጽበት ይነሣል። ያን ጊዜ ከ100 ሊትር ውሃ ውስጥ 13 ሊትር ያህሉ ባንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። 5000 ሊትር ውሃ የያዘ ቦይለር ቢፈነዳ ዓይን ተገልጦ እስኪከደን ድረስ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ እንፋሎት ይለቃል። ይህን የሚችል ግድግዳ የለም።

በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት፣ ብሮክተን በምትባል ከተማ የሆነው ይህ ነው። መጋቢት 11 ቀን 1897 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905) በአንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ፈነዳ። አዲሱ ቦይለር ለጥገና ቆሞ ስለነበር ያን ዕለት የሚሠራው አሮጌው ነበር። ቦይለሩ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ፈረሰ፤ ፍርስራሹንም እሳት በላው። 58 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በሁለት የተደራረቡ ብረቶች መጋጠሚያ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ነበር። ከውጭ የሚያይ ሰው ሊያገኘው አይችልም ነበር። ግዛቲቱ ከዚያ በኋላ በ1907 ስለ ቦይለር አሠራርና ምርመራ ሕግ አወጣች። በ1915 ደግሞ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ቦይለር ምን ያህል ወፍራም፣ ከምን ዓይነት ብረት፣ በምን አኳኋን መሠራት እንዳለበት የሚወስን መጽሐፍ አሳተመ። ያ መጽሐፍ እየታደሰ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

የተደበቀ ስንጥቅ የመርማሪ ሥራ ነው። መርማሪው ቦይለሩን አስቁሞ፣ አስቀዝቅዞ፣ ውስጡን ያያል። አንዳንዴም ጋኑን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት በላይ ይገፋዋል። በአየር ወይም በእንፋሎት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት ብዙም አይታመቅም፤ ስለዚህ ጋኑ ቢሰነጠቅ ውሃው ፈስሶ ይቀራል እንጂ አይፈነዳም። ነገር ግን መርማሪ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት ጊዜ ነው። በቀሩት ቀኖችና ሌሊቶች ከቦይለሩ ጋር የሚውልና የሚያድረው ጠባቂው ነው። በፋብሪካ ቋንቋ ቦይለር ኦፕሬተር ይባላል።

ውሃው የት ነው?

ለጠባቂው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ግፊቱ ስንት ነው?» የሚለው አይደለም። «ውሃው የት ነው?» የሚለው ነው።

ነገሩን በማረሻ እንመልከተው። ማረሻ ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይወሰዳል። ቀጥቃጩ ብረቱን ከሰል ውስጥ ከትቶ በወናፍ ያናፋበታል። ብረቱ ሲቀላ እንደ ሰም ይለሰልሳል፤ መዶሻው ወደፈለገበት ይተጣጠፋል። የቦይለሩ ምድጃ ውስጥ ያለው እሳት ከቀጥቃጩ እሳት አያንስም፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ ነው። ታዲያ የቦይለሩ ብረት ለምን አይቀላም? በሌላው ጎኑ ውሃ ስላለ ነው። ብረቱ ሙቀቱን ከእሳቱ ተቀብሎ ወዲያው ለውሃው ያስረክባል። ስለዚህ እሳቱ ምንም ቢበረታ ብረቱ ከውሃው ብዙም የበለጠ አይሞቅም። ሴቶች ይህንን ያውቃሉ፤ ውሃ ያለበት የሸክላ ድስት እሳት ላይ ሲውል ምንም አይሆንም፤ ባዶውን ከተረሳ ግን ይሰነጠቃል።

ውሃው ከብረቱ ላይ ከወረደ ግን ብረቱ እንደ ማረሻው ይቀላል። ይለሰልሳል። በላዩ ላይ ደግሞ በየምጣዱ ስፋት 200 ኩንታል ተጭኖታል። ይጎብጣል፤ ቀጥሎም ይቀደዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዚህ ሁሉ ጊዜ የግፊት መለኪያው ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ቀስቱ 7 ላይ ነው፤ እንፋሎትም አለ፤ ፋብሪካውም ይሠራል። ግፊቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉ ነገር ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ በቦይለሩ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ የመስታወት ቱቦ አለ። ብዙ ቦይለሮች ሁለት አላቸው። በውስጥ ያለው ውሃ ስንት እንደደረሰ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። በሥራ ጊዜ ውሃው ወደ መስታወቱ መካከል አካባቢ መታየት አለበት። በጣም ከበዛ ውሃው ከእንፋሎቱ ጋር ተስቦ ወደ ቧንቧ ይገባል፤ ይህም ጉዳት አለው። ካነሰ ግን የባሰ ነው።

መስታወቱም ሊዋሽ ይችላል። ላይኛው ጫፉ ከእንፋሎቱ፣ ታችኛው ጫፉ ከውሃው ጋር በቀጭን መንገድ ይገናኛል። ያ መንገድ በዝቃጭ ከተደፈነ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ውሃ የቦይለሩ ውሃ መሆኑ ይቀራል፤ ታስሮ የቀረ የትናንት ውሃ ነው። ቦይለሩ እየሠራ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ትንሽ ወዝወዝ ማለት አለበት። ሞቶ የተቀመጠ ውሃ ያጠራጥራል። ለዚህ ነው ጠባቂው በየፈረቃው መስታወቱን የሚፈትሸው። ከታች ያለውን ማፍሰሻ ይከፍታል። መጀመሪያ የእንፋሎቱን መንገድ ዘግቶ በውሃው መንገድ ብቻ ያስወጣል፤ ቀጥሎ የውሃውን ዘግቶ በእንፋሎቱ መንገድ ያስወጣል። ሁለቱም እየጮኹ በኃይል ከወጡ መንገዶቹ ክፍት ናቸው። ማፍሰሻው ሲዘጋና ሁለቱም መንገዶች ሲከፈቱ ውሃው ፈጥኖ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እያዘገመ ከተመለሰ መንገዱ መጥበብ ጀምሯል ማለት ነው፤ ለኃላፊው ይነገራል፤ ይጸዳል። ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠባቂው መስታወቱን ሲያይ ውሃ ባያገኝስ? ሰው ሲደነግጥ ልቡ የሚነግረው «ቶሎ ውሃ ልቀቅበት» የሚል ነው። ይህ ሰው የሚገድል ሐሳብ ነው። ቀጥቃጩ የቀላ ማረሻ ውሃ ውስጥ ሲነክር የሚሰማውን ጩኸት አስቡ። በቀላ የቦይለር ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደርስ ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ ብረቱም በድንገት ይኮማተራል። የለሰለሰው ብረት ይህንን አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እሳቱን ማጥፋት ነው። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ማቃጠያው ይጠፋል። በባጋስ ወይም በእንጨት የሚሠራ ከሆነ ማገዶው ይቆማል፤ የአየር ማናፈሻውም ይዘጋል። ውሃ አይጨመርም። የእንፋሎት መዝጊያዎች እንዳሉበት ይተዋሉ እንጂ በድንገት አይከፈቱም፤ አይዘጉም። በአካባቢው ያሉ ሰዎች ይርቃሉ። ኃላፊው ይጠራል። ቦይለሩ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ሳይመረመርም ዳግመኛ አይነሣም። ፋብሪካው አንድ ቀን ሥራ ይፈታ ይሆናል። ይፍታ።

ዛሬ ብዙ ቦይለሮች ውሃ ሲያንስ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው። አንዳንዱ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ አለው፤ ውሃው ሲወርድ ኳሱም ይወርዳል፤ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ታዲያ ጠባቂ ምን ያደርጋል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ኳሱ በዝቃጭ ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ሊበላሽ ይችላል። መሣሪያው መበላሸቱን የምናውቀው ደግሞ በተፈለገበት ቀን ከሆነ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ በየቀኑ ይፈተናል። ጠባቂው እያየ ከኳሱ ቤት ውሃው እንዲወርድ ያደርጋል፤ እሳቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያ ቦይለር እስኪጠገን ድረስ አይሠራም።

የማይነካው ቫልቭ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1679 ደኒ ፓፐን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አጥንት የሚያለሰልስ ጥብቅ ድስት ሠራ። ድስቱ እንዳይፈነዳ በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ቀዳዳውን በክብደት ያዘው። እንፋሎቱ ከሚገባው በላይ ሲበረታ ክብደቱን አንሥቶ ይወጣል። የዛሬው የቦይለር ሴፍቲ ቫልቭ የዚያ ልጅ ነው። በክብደት ፋንታ ጠንካራ ሞላ አለው። ቦይለሩ ከተፈቀደለት ግፊት ሲያልፍ ቫልቩ እየጮኸ ይከፈታል፤ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ይለቃል፤ ግፊቱ ሲወርድ ይዘጋል።

ይህ ቫልቭ የሚስተካከለው በባለሙያ ነው፤ ከተስተካከለም በኋላ ይታሸጋል። ነገር ግን ቫልቩ ደጋግሞ ሲጮኽ ሥራ ያስፈታል፤ ማገዶም ያባክናል። ያን ጊዜ «ትንሽ ጠበቅ ብናደርገው ምን አለበት?» የሚል አለቃ ይመጣል። በድሮ ጊዜ በቫልቩ ክንድ ላይ ድንጋይና ብረት ያንጠለጥሉ ነበር። በዚህ ምክንያት በመርከብና በፋብሪካ ብዙ ሰው አልቋል። ቫልቭ የሚጮኸው ቦይለሩ ስለታመቀ ነው። ፈውሱ እሳቱን መቀነስ ነው እንጂ አፉን ማፈን አይደለም። ትእዛዙ ከአለቃ ቢመጣም ጠባቂው እሺ ማለት የለበትም። ይህን መናገር ለእኔ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደመወዙ በአለቃው እጅ ያለ ሰው ግን ይከብደዋል። ቢሆንም ከቦይለሩ አጠገብ የሚቆመው እሱ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንፋሎት አንድ ነገር ላንሣ። ነጩን ጭስ የሚመስለውን እንፋሎት የምንለው በልማድ ነው። ጀበናው ሲፈላ አፉን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ከአፉ ጥግ ላይ ምንም የማይታይበት ክፍት ቦታ አለ፤ ነጩ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። እውነተኛው እንፋሎት ያ የማይታየው ነው። ነጩ ቀዝቅዞ ወደ ጠብታነት የተመለሰ ውሃ ነው። ከቦይለር ቧንቧ በትንሽ ቀዳዳ የሚያፈተልክ እንፋሎትም አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሥጋ ይቆርጣል። ስለዚህ የሚያፈስ ቧንቧ በእጅ ተዳሶ አይፈለግም። የድሮ ሠራተኞች በረጅም እንጨት ጫፍ ጨርቅ አስረው ወይም መጥረጊያ ዘርግተው ነበር የሚፈልጉት።

እሳት ስለማቀጣጠልም ጥቂት። በናፍጣ ወይም በጋዝ የሚሠራ ቦይለር ከመቀጣጠሉ በፊት ምድጃው በአየር ይነፋል። ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት ተጠራቅሞ ከቆየ ክብሪት ሲያገኝ ይፈነዳልና ነው። እሳቱ ከተነሣ በኋላ ቢጠፋም ወዲያው መልሶ ማቀጣጠል አይገባም፤ እንደገና ይነፋል፤ ለምን እንደጠፋም ይጠየቃል። ቀዝቅዞ ያደረ ቦይለር ቀስ እያለ ይሙቅ። ወደ ፋብሪካው የሚሄደው ዋና መዝጊያም ቀስ ተብሎ ይከፈት። በቧንቧው ውስጥ የተኛ ውሃ ካለ እንፋሎቱ እንደ መዶሻ ወርውሮ ቧንቧውን ይመታዋል።

አተላና ቅርፊት

ጠላ ሲጠመቅ አተላው ከታች ይቀራል። ቦይለርም አተላ አለው። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ ጥቂት ኖራና አፈር ይዞ ይገባል። እንፋሎቱ ሲወጣ ግን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ኖራውና አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ቀን በቀን ይከማቻል። ከፊሉ ከታች ይተኛል። ይህ በታችኛው መዝጊያ በኩል በየጊዜው ለአጭር ጊዜ ተከፍቶ ይወገዳል፤ በፋብሪካ ቋንቋ ብሎውዳውን ይባላል። ሲወገድ ውሃም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ዓይን ከውሃ ማሳያው መስታወት አይነሣም። መዝጊያውን ከፍቶ ለሌላ ጉዳይ መሄድ ቦይለሩን ባዶ ማስቀረት ነው።

ሌላው ከብረቱ ላይ ይጋገራል። የቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ብታዩት ነጭ ድንጋይ መሰል ቅርፊት አለው። በቦይለር ውስጥ ያ ቅርፊት በብረቱና በውሃው መካከል እንደ ካባ ይገባል። ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው ማስረከብ ያቅተዋል። ማገዶ ይባክናል፤ ብረቱም ከልክ በላይ ይሞቃል። መስታወቱ በቂ ውሃ እያሳየ ብረቱ ይቃጠላል ማለት ነው። ይህንን ለመከላከል ውሃው ወደ ቦይለሩ ከመግባቱ በፊት ኖራውን በሚይዙ ጥቃቅን ፍሬዎች መካከል ያልፋል። ፍሬዎቹ ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ፤ ከዚያ እንደገና ይሠራሉ። ጨው ማለት ይኸው የምንበላው ዓይነት ጨው ነው። ጨው ሲያልቅ ፋብሪካው አይቆምም፤ መብራቱም አይጠፋም። ለዚህም ነው በቀላሉ የሚረሳው። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ደብተሩ

ከወራት በኋላ የሚታይን ጉዳት ዛሬ እንዴት እናየዋለን? በጽሑፍ ነው። በቦይለር ቤት ግድግዳ አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ደብተር አለ። ጠባቂው በየሰዓቱ ቁጥሮችን ይጽፋል፤ ግፊቱን፣ የውሃውን ከፍታ፣ የሚገባውን ውሃ ሙቀት፣ በጭስ መውጫው የሚወጣውን ጭስ ሙቀትና ሌላም።

የጭሱን ሙቀት ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ቦይለሩ በ7 ባር እየሠራ በመስከረም የጭሱ ሙቀት 210 ዲግሪ ነበር እንበል። በኅዳር 222 ሆነ። በጥር 238፣ በመጋቢት 255። ግፊቱ ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው። ከሰኞ እስከ ማክሰኞ ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የትኛውም ዓይን አይለየውም። የመስከረሙን ገጽ ከመጋቢቱ ገጽ አጠገብ ዘርግቶ የሚያነብ ሰው ግን ያየዋል። ሙቀቱ ወደ ውሃው መግባቱን ትቶ በጭስ መውጫው እየወጣ ነው። በቱቦዎቹ በእሳቱ በኩል ጥላሸት፣ ወይም በውሃው በኩል ቅርፊት ተለጥፏል። ቦይለሩ ሳይሰነጠቅ ይህን የሚናገረው ደብተሩ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት ገጾች እንመልከት። በመጀመሪያው ገጽ የግፊቱ ዓምድ እንዲህ ይላል፤ 7.0፣ 7.0፣ 7.0፣ 7.0፣ 7.0፣ 7.0፣ 7.0፣ 7.0። በሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፤ 6.8፣ 7.0፣ 6.9፣ 6.4፣ 6.7፣ 7.0፣ 7.1፣ 6.9። በ6.4 አጠገብም «ማቅለሚያው ስለተከፈተ ወረደ» ተብሎ ተጽፏል። ከሁለቱ የትኛው ጠባቂ ይሻላል? የመጀመሪያው ቁጥሩ ንጹሕ ይመስላል። ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ ቅንጣት የማይነቃነቅ ቦይለር የለም። ያ ሰው ወይ በፈረቃው መጀመሪያ፣ ወይ በመጨረሻ፣ ስምንቱንም ቁጥር ባንድ ጊዜ ጽፎታል። ቦይለሩን አላየውም። እንዲህ ያለ ደብተር ከባዶ ደብተር ይከፋል፤ ባዶው ቢያንስ አይዋሽም። የሁለተኛው ጠባቂ እጅ ጽሑፍ ጠማማ ሊሆን ይችላል። ፊደል ገድፎም ይሆናል። ያየውን ግን ጽፏል።

ፈረቃ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ገቢው ጠባቂ ካባውን ከማንጠልጠሉ በፊት የመጨረሻዎቹን ሰዓታት ያነባል። «6.4 ያልከው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወጪው ያስረዳዋል። ከዚያ ሁለቱም ቆመው እያዩ የውሃ ማሳያው መስታወት ይፈተሻል፤ ውሃው ወርዶ ይመለሳል። ገቢው በደብተሩ ላይ ሰዓቱንና ስሙን ይጽፋል፤ ይፈርማል። ወጪው ልብሱን የሚቀይረው ይሄኔ ነው።